የአምስተኛው ዙር ወረቀት

ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የአዳራሹን በር ከፍቼ ገባሁና የዳኛውን ጠረጴዛ መሳቢያ ሳብኩት። ውስጡ ያለው የአንገት ልብሴ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ የወንድሜን ላፕቶፕ በዚያ ጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጨርቁ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ላፕቶፑ የለም።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። «አምስተኛ ዙር» ይላል። እኔ አምስተኛውን ዙር አላተምኩም።

ጮህኩ መሰለኝ። መጀመሪያ የደረሰው ሐምዱ ነው፤ ምሳ ሲያወጣበት የቆየውን ጭልፋ እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም።

«ምን ሆንሽ ወይንእሸት?»

«ወሰዱት።»

«ማንን?»

«ስጦታውን» አልኩ። ላፕቶፑን ማለቴ ነበር።

ወንድሜ ስጦታው ቢቸና የሒሳብ መምህር ነበር። ሞቶ ሦስት ወር አልሞላውም፤ እኔም ጥቁሩን ገና አላወለቅኩም። ከክፍል ውጪ ሕይወቱ ቼዝ ነበረች። ድልድል የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከማንም ሳይማር ራሱን አስተምሮ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ልጆች በየዓመቱ ውድድር ይዳኝ ነበር። ፕሮግራሙ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸውን ያገናኛል፤ አንድ ጊዜ የተገናኙትን ዳግም አያገናኝም። ከታመመ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ውጤት እንዴት እንደሚገባና የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ አሳየኝ። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ይህ ሞጣ ላይ የምናካሂደው ውድድር የእሱ መታሰቢያ ነው። ከቢቸና ዐሥራ ስድስት፣ ከሞጣ ዐሥራ ስድስት ተጫዋቾች። ቅዳሜ አራት ዙር ተጫወቱ፤ እሑድ ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ዙር ነው። ከሠላሳ ሁለቱ አንድ ሰው ብቻ ባሕር ዳር ወደሚደረገው የክልል ውድድር ያልፋል።

የመጨረሻውን ዙር ድልድል ያላወጣሁት ረስቼ አይደለም። የወንድሜ ደንብ ነው። ማን ከማን እንደሚጫወት አስቀድመው ካወቁ «አቻ እንውጣ» የሚባባሉ አይጠፉም ብሎ፣ ወረቀቱን ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር የሚለጥፈው።

አሁን ግን ሌላ ሰው ለጥፎታል።

ልጆቹ ከግቢው የጽድ ዛፍ ሥር ምሳቸውን ጥለው ገቡ። ወረቀቱን ያነበበ ሁሉ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሁለት ልጃገረዶች በሦስት ተኩል ነጥብ እኩል ይመራሉ፤ ሄለን ከቢቸና፣ ሲሃም ከሞጣ። እርስ በርሳቸው ቅዳሜ ተጫውተው አቻ ስለወጡ ዳግም አይገናኙም። ከእነሱ ቀጥሎ በሦስት ነጥብ ያሉት የሞጣው አብዱራዛቅና የቢቸናው ሰማው ናቸው። አብዱራዛቅ ከባድ ተጫዋች ነው። ሰማው ሦስት ነጥብ ላይ እንዴት እንደደረሰ ራሱም አያውቅም።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ አንደኛ ጠረጴዛ ሄለን ከአብዱራዛቅ፤ ሁለተኛ ጠረጴዛ ሲሃም ከሰማው።

«ይቺማ ተሠርታ ነው!» አለ አንድ የቢቸና ልጅ። «ለእኛ አንበሳውን፣ ለእነሱ ጠቦቱን!»

«ጠቦት ማለት እኔ ነኝ?» አለ ሰማው።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ሐምዱ ዞሯል። ሐምዱ ሞጣ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ፕሪንተር የእሱ ነው። የአዳራሹን ቁልፍ የተረከበው እሱ ነው። ሲሃም ደግሞ ልጁ ናት።

«ጸጥ በሉ!» አሉ አያ ውበቴ። የቢቸናው ቡድን አሰልጣኝ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረዘም ያሉ ሰው። ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊት ድልድሉን ሃያ ዓመት ሙሉ በካርድ ያወጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። «ድልድሉ ምን አለው? ቁጭ በሉና ተጫወቱ። ላፕቶፑም የትም አይሄድም፤ ይገኛል።»

የተጎዳው የእሳቸው ቡድን ሆኖ ይህን በማለታቸው በልቤ አከበርኳቸው። ግን የሰማቸው አልነበረም። የግቢው ጥበቃ ጋሽ መንግስቴ ለፖሊስ ደውለው ነበር።

*

ኢንስፔክተር ይርጋነሽ ከጣቢያው በእግሯ መጣች። እሑድ በመሆኑ ነጠላ ለብሳለች፤ አብሯት አንድ ኮንስታብል አለ። እሱን በሩ ላይ አቁማ እሷ ወረቀቱ ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ አነበበችው።

«እርስዎ ቼዝ ይችላሉ?» አልኳት።

«እርስዎ አትበይኝ፤ እኩያሽ ነኝ። ቼዝም አልችልም። ፈረሱ ለምን ጠምዘዝ ብሎ እንደሚሄድ ልጄ አስረድታኝ አልገባኝም።» ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች። «ይህን ግን አነባለሁ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ቀንና ሰዓት በደቃቁ ያትማል። ሁልጊዜ እያተምኩ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። የዛሬው ቀን ነው፤ 8:40 ኤኤም።

«በእኛ ሁለት ሰዓት ከአርባ» አለች። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አዳራሹ ውስጥ ማን ነበር?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

«እኔ ነበርኩ» አለ ሐምዱ።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩ፣ ጠረግሁ፣ ሠላሳ ሁለት ወንበር ደረደርኩ። አራት ሰዓት ላይ ቆልፌ ቁልፉን ጋሽ መንግስቴ ጎጆ ውስጥ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።»

«ሌሎቹስ?»

«ቅዳሴ ነበሩ። የእኔ ዓርብ ነው፤ ስለዚህ መጥረጊያው ለእኔ ደረሰ።»

ኢንስፔክተሯ ፈገግ ልትል ፈልጋ ተወችው። «ይህ ወረቀት ያኔ ግድግዳው ላይ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ላፕቶፑስ?»

«መሳቢያ ከፍቼ አላየሁም። የሰው ዕቃ ነው።»

«ሐምዱ፣ ወረቀቱ በአንተ ፕሪንተር ታትሟል። በታተመበት ሰዓት አንተ ብቻ ነበርክ። የጠቀመው ደግሞ ልጅህን ነው። በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላለህ?»

ሐምዱ ጭልፋውን አየው። «በአንቺ ቦታ ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር» አለ። «ግን እኔ አይደለሁም።»

*

ሲሃም አዳራሹ ጥግ ላይ ቆማ ጥቁር ቦርሳ በደረቷ አቅፋ ነበር። ኮንስታብሉ አያት።

«ጠዋት ይዛው ስትገባ ጥበቃው አይተዋታል» አለ። «ቦርሳው ልክ የላፕቶፕ ነው።»

«ክፈቺው እስቲ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሲሃም ከፈተችው። አንድ እሽግ ወረቀት፣ የፕሪንተር ቀለምና በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ወጣ።

«ለአባቴ ቁርስ አምጥቼ ነው» አለች። «አልበላውም። ሥራ ላይ ሲሆን ይረሳል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ ወይንእሸት፣ ስሜን ሰርዥው። በዚህ ወረቀት አልጫወትም። አባቴ ሌባ ተብሎ እኔ ባሕር ዳር ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

«እሷ ካልተጫወተች እኔም አልጫወትም» አለች ሄለን ከወዲያ። «ደግሞ ማንን ላሸንፍ ነው?»

የቢቸና ልጆች «አንቺ ዝም በይ!» አሏት። የሞጣዎቹ መለሱላቸው። አንድ ወንበር ወደቀ። ቅዳሜ ቀን ከአንድ ትሪ ሲበሉ የነበሩ ልጆች ናቸው። የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች አብረው እንዲቀርቡ ብለን ምሳውን ሽሮና ምስር ብቻ ያደረግነው ይህን ልናይ ነው? ወንድሜ ይህችን ውድድር የመሠረታት ሁለት ከተማ በአንድ ገበታ እንዲቀመጥ ነበር። ዛሬ እንዲህ ከተበተነች በስሙ ዳግም የሚሰበሰብ አይኖርም። እሱን ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ።

በዚህ መሀል የቢቸናውን ቅጥቅጥ አውቶብስ የሚነዳው ሰው በሩን ገፍቶ ገባ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሰው መጥቶ ያነጋገረኝ የለም! ዐሥራ አንድ ሰዓት ካልተነሣን እኔ በጨለማ አልነዳም፤ እወቁት!»

«አሁን አይደለም!» አሉት ሁሉም ባንድ አፍ። እያጉረመረመ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል አልፏል። «ሐምዱ፣ ወደ ጣቢያ እንሄዳለን» አለች ቀስ ብላ። «ቃልህን ትሰጣለህ። ወረቀቱንም ማስረጃ አድርጌ እወስዳለሁ።»

ሐምዱ ጭልፋውን ለልጁ ሰጣት። «ድስቱን ለባለቤቱ መልሺ» አላት።

*

ወረቀቱን የያዙት አራት ስፒሎች ነበሩ። የየዙሩን ወረቀት የምንለጥፈው ባለፈው ላይ ደርበን ስለሆነ፣ ኢንስፔክተሯ ስፒሎቹን ስትነቅል አምስቱም አብረው ወለል ላይ ተበተኑ። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ከዚያ ሳትነሣ ቀረች።

«ወይንእሸት፣ ነይ እስቲ። የመጀመሪያውን ዙር መቼ ነው ያተምሽው?»

«ትናንት ጠዋት። ሦስት ሰዓት ልንጀምር ዐሥር ደቂቃ ሲቀረን።»

«ሁለት ሰዓት ከሃምሳ።»

«አዎ።»

«ይህ ግን 2:50 ኤኤም ይላል። በፈረንጅ 2:50 ኤኤም ማለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የት ነበርሽ?»

«ቢቸና። ተኝቼ። ከቢቸና የተነሣነው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።»

«ላፕቶፑስ?»

«አጠገቤ።»

አራተኛውን ዙር አነሣች። «ይህስ ስንት ሰዓት ላይ ታተመ?»

«ከምሳ በኋላ፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

«9:05 ኤኤም ይላል። እንደ እኔ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከአምስት። ያኔ የመጀመሪያው ዙር ገና አምስት ደቂቃው ነው።» ተነሣች። «ይህ ኮምፒውተር ታሟል ወይስ እኔ ነኝ የታመምኩት?»

ያኔ ትዝ አለኝ። የላፕቶፑ ሰዓት ከስልኬ ጋር እንደማይገጥም ከወንድሜ ቀብር በኋላ አይቼ ነበር። ተበላሽቷል ብዬ ነው የተውኩት። እሱ በመጨረሻ የነካውን ነገር ለማስተካከል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«አልታመመም» አለች ሄለን። ከልጆቹ መሀል ወጥታ ቆመች። «ጋሼ ስጦታው ነው እንደዚያ ያደረገው። በእኔ ምክንያት።»

«በአንቺ?»

«አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የተለጠፈው ወረቀት ላይ ጨዋታሽ 9:00 ነው ይላል። እኔ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መስሎኝ ከሰዓት በኋላ መጣሁ። ለካ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኖሯል። ሳልጫወት ተሸነፍኩ፤ አለቀስኩ። ጋሼም የዚያኑ ቀን ላፕቶፑን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ‹ከእንግዲህ ማሽኑ ይማር እንጂ አንቺ አትማሪም› አለኝ። እኛ የቼዝ ልጆች ወረቀቱን ስናይ እንደተጻፈ ነው የምናነበው። ዛሬ ግን ፖሊስ ሲያነብ ፖሊስ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

ኢንስፔክተር ይርጋነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ፖሊስ የሚያውቀው ስድስት መቀነስ ብቻ ነበር» አለች። «ስለዚህ 8:40 ማለት ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው። የዛሬ ከሰዓት። ሁላችሁም ምሳ ላይ ሳላችሁ።»

«ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ሐምዱ ድስቱ ጋ ነበር» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ለእኔ ሁለተኛ ጭልፋ ሽሮ የጨመረልኝ ያኔ ነው።»

«ለእኔማ ከልክሎኛል» አለ ሰማው። «‹አንተ ሦስተኛህ ነው፣ ሂድ› ብሎ አባሮኛል። ሠላሳ ሰው ሰምቷል።»

አሁን ሳቁ። ሲሃም ግን ፊቷን በጭልፋው ሸፈነች።

*

«ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሽ መንግስቴ፣ ስምንት ተኩል ላይ ጎጆዎት ውስጥ ነበሩ?»

«ኧረ አልነበርኩም፤ እኔም ለምሳ ተጠርቼ ከጽዱ ሥር ነበርኩ» አሉ ጥበቃው።

«እንግዲህ ከጽዱ ሥር ያልነበረው ማን ነው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ግን አምስተኛውን ወረቀት ተቀብዬ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እስካሁን ሁላችንም ያየነው ሁለቱን የላይኛ መስመሮች ብቻ ነበር። ዐሥራ ስድስት ጠረጴዛ። አንዱ የቢቸና፣ አንዱ የሞጣ። ቀጣዩም እንደዚያው። ዐሥራ ስድስቱም።

ኮምፒውተሩ ሰው ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። ቅዳሜ በየዙሩ ሦስትና አራት የቢቸና ልጆች እርስ በርሳቸው ተጫውተዋል። ይህን ወረቀት ያወጣው ማሽኑ አይደለም።

ልጅ ሆኜ የቤታችን ወለል ላይ ተዘርግተው የማያቸው ካርዶች ታወሱኝ። ከቀዩ ካርድ አጠገብ ሁልጊዜ ነጩ። ቀዩ ቢቸና ነው፣ ነጩ ሞጣ። «በመጨረሻው ዙር ያገር ልጅ ካገር ልጅ አይገጥምም፤ ነጥብ ተሰጣጡ ብሎ ሰው ያማቸዋል» የሚል ድምፅም አብሮ መጣ። ድምፁ የወንድሜ አልነበረም።

ቀና አልኩ። አያ ውበቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

«ምን አየሽ?» አለችኝ ይርጋነሽ በሹክሹክታ።

አሳየኋት። ስለ ካርዶቹም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ድምፅዋን ሳትለውጥ ጠየቀች።

«አያ ውበቴ፣ ስምንት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ሹፌሩን ላነጋግር ወጥቼ ነበር።»

«ሹፌሩ አሁን እዚህ ገብቶ ምን አለ?»

ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ማንም እንዳላነጋገረው ሁላችንም ሰምተናል።

«አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፤ ቼዝ ስለማላውቅ ይቅርታ።» ወደ አዳራሹ ጥግ አመለከተች። እዚያ ትልቁ ማሳያ ሰሌዳ ከነሸራ ማኅደሩ ቆሟል። አያ ውበቴ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው፤ ተመልካች ጨዋታውን ከሩቅ እንዲከታተል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ልጄ ትናንት እዚህ ነበረች፤ ፎቶ አንስታለች። ትናንት ይህ ተሰቅሎ ነበር። ዛሬ ዋናው ጨዋታ ሆኖ ለምን አልተሰቀለም?»

አያ ውበቴ ቀስ ብለው ሄዱ። የማኅደሩን ዚፕ ከፈቱ። ከሰሌዳው ጀርባ የወንድሜን ላፕቶፕ አወጡና በሁለት እጃቸው አመጡልኝ።

«ልሰርቅ አይደለም» አሉ። «ጨዋታው እንደተጀመረ መሳቢያው ውስጥ ልመልሰው ነበር። ከከፈትሽው ቁልፉን ነክተሽ ሌላ ድልድል ታወጫለሽ ብዬ ነው።»

«አያ፣ ኮምፒውተር ማብራት እንኳ አላውቅም ይሉ አልነበር?»

«ተማርኩ።» «ከስጦታው ጋር በካርድና በማሽን ተጣልተን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ታመመ ሲሉኝ ቢቸና ካንድ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ሁለት ወር ይህንን ፕሮግራም ተማርኩ። አንድ ቀን ቤቱ ገብቼ ‹በል እንግዲህ፣ አብረን እናውጣ› ልለው ነበር። ጨርሼ ልሄድ ስል የቀብሩ ጥሩምባ ተነፋ።»

በቀብሩ ቀን ከሰው ሁሉ ርቀው ለብቻቸው የቆሙት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«መታሰቢያው ላይ አንዲት ዙር እንኳ ወጣት ሆነን ባወጣነው ደንብ ትሁንለት ብዬ ነው» አሉ። «በእጄ አስገባሁት። ለቢቸና አላደላሁም፤ ለሞጣም አላደላሁም። ሰው እንዲህ ይቆጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሐምዱን ልወስደው ስል ግን እዚህ ነበሩ» አለች ይርጋነሽ። «ዝም አሉ።»

«ዝም አልኩ።» ወደ ሐምዱ ዞሩ። «አንተን ግን የምልህ የለኝም። ፈራሁ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ዕቃው የአንቺ ነው። ክስ መሥርቺ ካልሽኝ እመሠርታለሁ። ምን ላድርግ?»

ላፕቶፑን በደረቴ ይዤ ነበር። ሙቀቱ የሰው ይመስላል። ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም፤ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። እኔም አየሁት። ዐሥር ሰዓት ከዐሥር።

«አልከስም» አልኩ። «ሐምዱ የተበደለውን ግን እኔ ይቅር ልልለት አልችልም፤ እሱ ራሱ ይናገር።»

ሐምዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጨዋታው ሲያልቅ ፕሪንተሩ ወደ ሱቄ ይመለሳል» አለ። «ከባድ ነው። ትናንት ጠዋት በጋሪ ነው ያመጣሁት። አሁን አያ ውበቴ ይሸከሙልኛል። በዋናው መንገድ፤ ሰው ሁሉ እያየ። የጠየቃቸው ካለ ምክንያቱን እሳቸው ይንገሩት። ከዚያ በኋላ አልቋል።»

«እሸከማለሁ» አሉ አያ ውበቴ።

«አሁን ግን» አልኳቸው «ይምጡ፤ እዚህ ጎኔ ይቀመጡ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። በእጃቸው ያስገቡትን አብረን ሰረዝን፤ የትኛው ቦታ እንደሚነካ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ከዚያ ቁልፉን ነካሁት። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀቱን አወጣ።

አንደኛ ጠረጴዛ፦ ሄለን ከአብዱራዛቅ። ሁለተኛ ጠረጴዛ፦ ሲሃም ከሰማው።

ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የላይኞቹ ሁለት መስመሮች ያው ናቸው። ከታች አምስት ጠረጴዛዎች ብቻ ተለውጠዋል፤ ሁለት ቦታ ላይ የቢቸና ልጅ ከቢቸና ልጅ ገጥሟል፤ ያማም ሰው አልነበረም።

«ይኸው ነው?» አለ ቅድም «ተሠርታ ነው» ያለው ልጅ።

«ይኸው ነው» አለች ይርጋነሽ። «አሁንስ የምትጠረጥሩት አላችሁ ወይስ ነጠላዬን ይዤ ልሂድ?»

አልሄደችም። ጨዋታው እስኪያልቅ ከሁለተኛው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ አየች። ሲሃምና ሰማው ለአርባ እንቅስቃሴ ተያያዙ፤ ጠቦት የተባለው ልጅ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። አያ ውበቴ ትልቁን ሰሌዳ ሰቅለው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ እያዞሩ ያሳዩ ነበር። በመጨረሻ ሰማው ንጉሡን አጋድሞ እጁን ዘረጋ። ሄለንና አብዱራዛቅ አቻ ወጡ።

ሲሃም አለፈች። መጀመሪያ ያጨበጨበችላት ሄለን ነች።

«ባሕር ዳር ስትሄጂ» አለቻት አቅፋት «ሰዓቱ በማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ። እኔን እይኝ።»

ሹፌሩ በጨለማ አልነዳም ባለው ጸና። የሞጣ ቤተሰቦች የቢቸናን ልጆች ሁለት ሁለት እያደረጉ ለአዳር ተከፋፈሏቸው። ሄለንን ሲሃም ወሰደቻት።

እኔ የመጨረሻውን የውጤት ወረቀት አትሜ ከመጀመሪያዎቹ ላይ ደርቤ ሰካሁት። ከዚያ በኋላ አያ ውበቴ ፕሪንተሩን ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ ይበሉ አያ፤ ቀለሙ ይፈስብዎታል» አለ ሐምዱ፣ በአንድ ወገን እየደገፋቸው።

«አንተ ልቀቀው፤ የእኔ ሸክም ነው።»

«የእርስዎ ነው፤ ፕሪንተሩ ግን የእኔ ነው።»

እንደዚያ እየተጨቃጨቁ በዋናው መንገድ ወረዱ። ለሚቀጥለው ዓመት አያ ውበቴ ካርዳቸውን ይዘው ጎኔ ሊቀመጡ፣ ማሽኑና ካርዱ ያወጡትን ሁለታችንም ፈርመንበት ልንለጥፍ ተስማምተናል።

ይርጋነሽ ከመሄዷ በፊት ላፕቶፑን አየችው። «ሰዓቱን አታስተካክይውም?» አለችኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ግርጌውን አሳየኋት። 12:20 ይላል። በተከፈተው በር በኩል ፀሐይ ልትገባ ስትል ይታያል። ጋሽ መንግስቴ የግቢውን በር ሊዘጉ ቁልፉን ከሚስማሩ እያወረዱ ነበር።

«ልክ ነው እኮ» አልኳት።